አያ ጅቦ እና የተቆለፈው ኢሜይል

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ በዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይል የለ? እሱም ከሩቅ መጥቶ፣ ስለ ኮምፒውተር የማላውቀው የለም ብሎ ትልቁን ወንበር ያዘ። የሚያውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቆለፍ። በሹመቱ ማግስት የሁሉንም ኮምፒውተር ሴቲንግ ቆለፈ። ከዚያ ወዲህ ያለ እሱ የይለፍ ቃል አንዲት ነገር መለወጥ የሚችል እንስሳ ጠፋ። ይህንንም «ጥበቃ» ይለው ነበር።

አያ አንበሶ በየዓመቱ ለሠራተኞቹ ቀለብ ያከፋፍላል፤ ሣር ለሚግጠው ሣር፣ ሥጋ ለሚበላው ሥጋ። በዚያ ዓመት ድርሻውን የሚፈልግ ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስሙን በኢሜይል ይላክ፣ ስሙ ያልደረሰ አይሰጠውም የሚል ትእዛዝ ወጣ። ቤተ መንግሥቱ የኢሜይል ሰርቨሩን ቀይሮ ስለነበር፣ ሁሉም በየኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን አሮጌ አድራሻ አጥፍቶ አዲሱን እንዲያስገባ ተነገረ። ሥራው ቀላል ነው። ነገር ግን ሴቲንጉ ተቆልፏል፤ መክፈቻውም አያ ጅቦ ዘንድ ነው።

ማልዶ የመጣው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አህያ ነበር። በጋው ከብዶበት ጎድኑ አግጥጧል። ኢሜይሉ አልሄድ እንዳለው፣ ያቺን ሣር ካላገኘም ክረምቱን እንደማያይ እያለቃቀሰ ነገረው።

«አያ ጅቦ፣ እባክዎ ሴቲንጉን ይክፈቱልኝና አድራሻውን ልለውጥ» አለው።

«ሲስተም የለም» አለ አያ ጅቦ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው።

«ሲስተሙማ እርስዎ ከከፈቱት አለ።»

«ሴቲንግ በማንም ሰኮና አይነካም። ነገ ተመለስ።»

አህያው ሲወጣ አያ ጅቦ በሆዱ ሳቀ። የማንም ስም ካልደረሰ ሥጋው ሁሉ ለእኔ ለብቻዬ ነው ብሎ አስቦ ነበር። እንዲያውም ሣሩንም ጠቅልሎ ሊወስደው አማረው። ሆዳም እንዲህ ነው፤ የማይበላውንም ቢሆን ሌላው እንዳይበላው ይፈልጋል። የራሱን ስም ጽፎ «ላክ» የሚለውን ማለዳ ስለተጫነ ጉዳዩ ያለቀ መሰለው። የእሱም ኮምፒውተር የያዘው ያንኑ አሮጌ አድራሻ ነበር፤ ግን ኃላፊ ነኝ ባይ መቼ የራሱን ጓዳ ያያል?

ቀትር ላይ እመት ቀበሮ ገባች። እሷ አልለመነችም። ሹመቱን አሞግሳ፣ ጠጉሩን አድንቃ፣ ጠጋ ጠጋ እያለች ኪቦርዱን ታይ ጀመር። ነገሩ አያ ጅቦ እንኳ ገባው። የይለፍ ቃሌን ልትሰርቅ ነው ብሎ አባረራትና ወዲያው ቀየረው። እንደ ልማዱም በዚያች ሰዓት ያማረውን የሥጋ ብልት የይለፍ ቃል አደረገው። ቀበሮ ግን ከመውጣቷ በፊት ስክሪኑን አይታ ነበር። የአያ ጅቦ ኢሜይል ካልተላኩት መካከል ተጎልቷል። ልትነግረው ትችል ነበር፤ አልነገረችውም፤ ደግ አደረገች።

ደጅ ላይ አህያውን ተክዞ አገኘችው። ኢሜይል ከዚህ ቤት ብቻ ነው የሚላከው ያለህ ማነው ብላ፣ ወንዝ ማዶ ወዳለው የኤሊ ቢሮ ይዛው ሄደች። አያ ጅቦ በመስኮት ሲያያቸው ተስፋ ቆርጠው ወደየቤታቸው የሚገቡ መስሎት ምራቁን ዋጠ። የኤሊ ኮምፒውተር ያረጀና ቀርፋፋ ነው፤ ግን ማንም አልቆለፈውም። አድራሻውን ለወጡ፣ ስማቸውንም ላኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ከቤተ መንግሥት ምን መልስ መጣልኝ ብሎ ኢሜይሉን ከፈተ። ስሙ የትም አልሄደም። ደነገጠ። ሴቲንጉን ለመክፈት ሲሞክር የይለፍ ቃል ተጠየቀ። ሽንጥ ብሎ ጻፈ፤ አይደለም። ዳቢት ነበር እንዴ? ዳቢትም አይደለም። ሻኛ ብሎ ሲጽፍ ለሃጩ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። አሁን ሁሉም ብልት አምሮት ስለነበር የቀትሩ የትኛው እንደሆነ ሊለየው አልቻለም። ኮምፒውተሩም ሌባ ነው ብሎ እስከ ነገ ዘጋበት። ፀሐይ ጠለቀች።

በማግስቱ አህያው ሣሩን ተጭኖ፣ ቀበሮም የደረሳትን የሥጋ ጎድን ነክሳ ከአንበሳ ግቢ ሲወጡ አያ ጅቦ ባዶ እጁን ገባ። ስምህ ለምን አልደረሰም ተብሎ ተጠየቀ። አላውቅበትም እንዳይል ሹመቱ አሳሳው። ስለዚህ ደረቱን ነፋ።

«ጌታዬ፣ ቁልፌ ጠንካራ ስለሆነ ነው። እኔን ራሴን እንኳ አላስገባኝም።»

አንበሳ እንባው እስኪመጣ ከሳቀ በኋላ ወደ አሽከሮቹ ዞረ።

«ጅብ የማያስገባ ቁልፍ ተገኝቶ ለኮምፒውተር ይባክናል? ለሥጋ ቤቱ በር አድርጉት። ባለቤቱም ከውጭ ቆሞ ይጠብቀው።»

አያ ጅቦ ዛሬም እዚያው በር ላይ ቆሟል። ሥጋውን በበሩ ስንጥቅ ያሸታል፤ ላለፈ ላገደመው ግን እድገት አግኝቻለሁ እያለ ያወራል።

ከዚህ የምንማረው ሌላው እንዳይጠቀም ብሎ በር የሚቆልፍ ምቀኛ ራሱም ከውጭ ተቆልፎበት እንደሚያድር ነው።