ዳማና የነጻው መብራት ገመድ

እጅ ጽሑፌ ጥሩ አይደለም፤ ፊደልም አሳስታለሁ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደ ምንም ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰው ፊት ማውራት ስለማፍር ተረቴን በወረቀት አመጣሁላችሁ። እናንተ በሆዳችሁ «እሺ» በሉ፣ እኔ ልቀጥል።

ድሮ፣ መኪና እንደ ሰው አፍ በነበረው ዘመን፣ ዳማ የሚባል በመብራት የሚሄድ መኪና ነበር። የገዙት ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። መኪና ሠሪው «የእኔን መኪና የገዛ፣ ደጄ ላይ ካቆምኩት ፈጣን ቻርጀር ዕድሜ ልኩን በነጻ ይሞላል» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ይህን ሰምተው ገዙ። አንዲት ልጃቸው ትብለጥ ሩቅ ከተማ ወንድ ልጅ ወልዳለች። «በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ እደርሳለሁ» አሉ። ዳማም ሩቅ አገር አይቶ አያውቅምና ደስ አለው።

ተነሱ። ሄዱ፣ ሄዱ። መንገዱ ገና ሳይጋመስ የዳማ ሆድ ተጋመሰ። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ቻርጀር ብቻውን ቆሟል።

«እትዬ፣ እዚህ ይሙሉና ይሂዱ። የእኔ ግን በክፍያ ነው» አላቸው።

«ሠሪው ደጅ በነጻ እያለልኝ? ዳማ፣ እንመለስ።»

ተመለሱ። ነጻው ቻርጀር ጋ ሰልፉ ከአጥሩ ወጥቶ መንገድ ይዟል። ቻርጀሩም «ቀስ በሉ እንጂ፣ ሁላችሁንም የማጠባ እኔ ብቻዬን ነኝ» ይላል።

ሞልተው ለሁለተኛ ጊዜ ተነሱ። ሄዱ፣ ሄዱ። ገደሉ አፋፍ ደረሱ።

«እትዬ፣ ደግሞ መጡ?»

«መጣሁ። ልመለስ ነው።»

«እኔስ ሰው እንዳየሁ ልቆጥረው» አለ ብቸኛው ቻርጀር።

ዳማ ተመልሶ ሰልፍ ያዘ። አጠገቡ አሸዋ የተጫነች አህያ ቆማ ነበር።

«አንተ፣ ዛሬም ተመለስክ?» አለችው።

«ነጻው እዚህ ነዋ።»

«እኔን የሸጠኝ ሰው እንደ ገበያው ወግ ገመዴን ሰጠ፣ ሳር አልሰጠም። ስለዚህ ሳር ያለበት ሁሉ እበላለሁ። አንተን የሸጠህ ግን ሳሩን ሰጥቶ ገመዱን ደበቀ።»

«ስጦታ ነው እንጂ ምን ገመድ አለው?»

«በየመንገዱ ቢሰጥህ ስጦታ ነበር። ደጁ ላይ ብቻ ሲሰጥህ አሰረህ።»

ዳማ ዞሮ ራሱን አየ። ገመድ አልነበረም። ባይኖርም ግን እንደያዘው ገባው።

ልጁ በተወለደ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ተራው ሳይደርሳቸው መሸ። በአርባኛው ቀን ሞልተው ረፋድ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሱ። ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ወይዘሮ አስካለ ከልማዳቸው መሪውን አዞሩ። ዳማ አልዞረም።

«ምን ሆንክ?»

«እትዬ፣ የገዙኝ ለልጅዎ ነው ወይስ ለነጻው?»

ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ከመሪው አነሱ። ወርደውም ብቸኛውን ቻርጀር «ሙላው» አሉት። እሱም ሰው ነክቶት ስለማያውቅ ተንቀጠቀጠ።

ሲደርሱ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። እንግዳው ሄዷል። ትብለጥ ልጇን ታቅፋ በረንዳው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«እማዬ» አለች፣ «ሰው ሁሉ ‹እናትሽስ?› ሲለኝ ‹መንገድ ላይ ናት› እል ነበር። እውነቴን ነበር ለካ።»

ሳር የሰጠህን አመስግን፤ ሳትበላ ግን ገመዱን ፈልግ።

ተረቴ እዚህ አለቀ፣ ስለሰማችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ግን አለ። የምኖረው አክስቴ ቤት ነው። በነጻ እበላለሁ፣ በነጻ አድራለሁ። እናቴ ደውላ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትለኝ «እዚህ ተመችቶኛል» እላታለሁ።

አልተመቸኝም።