ቦራና የአቅም ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ በገደል አፋፍ ባለ መስክ ላይ የሚኖሩ አህዮች አንድ ረጅም ግንድ ነበራቸው። ግንዱ መሃሉ ላይ በቋጥኝ ተደግፎ፣ ከገደሉ በኩል ባለው ጫፍ ትልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል። ከትልልቆቹ ጋር ጨው አገር መሄድ የሚፈልግ ጎረምሳ አህያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሌላኛው ጫፍ ላይ ይቆማል። ድንጋዩን ካነሳው ይሄዳል፤ ካላነሳው ከውርንጭላዎች ጋር ይቀራል።

ቦራ የሚባለው ጎረምሳ ግን ድንጋዩ አልነሳለት አለ። እኩዮቹ ደረታቸው ሰፍቶ አንገታቸው ሲደነድን፣ የእሱ የጎድን አጥንት ገና ይቆጠራል። ሲያናፋም ድምፁ እንደ በሬ ይጀምርና እንደ ጫጩት ያልቃል።

«ቦራ፣ ነፋስ ሲመጣ ዛፍ ያዝ!» አለው እኩያው ዳማ። «እናትህ ወልዳህ ነው ወይስ በከሰል ስላህ?»

ሽማግሌው አህያ አጽናናው። «ልጄ፣ አባትህም እንዲሁ ነበር። በአንድ ክረምት ነው ተመንድጎ እኛን ያለፈን። ጠብቅ።»

«እስከ መቼ፣ አባባ?»

«እስኪደርስ።»

ይህ መልስ የጎረምሳ ሆድ አይሞላም። ቦራ ጆሮውን ጥሎ ሲሄድ ቀበሮ አገኘችው።

«ምነው የኔ ጌታ፣ ማን አስከፋህ?»

«አልወፍር አልኩ፣ እመት ቀበሮ።»

«ኧረ ይኼማ ቀላል ነው! ድንጋይ በጀርባህ አድርገህ ጠዋት ሃምሳ ቁጭ ብድግ፣ ማታ ሃምሳ ቁጭ ብድግ። ገብሱን እኔ አመጣለሁ።»

«በምን ልመልስልሽ?»

«ምንም አልፈልግም። አንተ ብቻ ወፍርልኝ!»

ከግንዱ ሥር ባለ ስንጥቅ አንዲት ሽኮኮ ትኖር ነበር። ዓይን አፋር ስለሆነች ሰላም ሲሏት እንኳ ጉድጓዷ ትገባለች። ከቦራ ጋር ብቻ ፀሐይ ትሞቅ ነበር፤ እሱ ጥያቄ አያበዛባትም። አንድ ቀን ከስንጥቋ ሆና ቀበሮና ጅብ ሲነጋገሩ ሰማች።

«ገብስ እየሰረቅሁ አቀረብኩልሽ። መቼ ነው የምበላው?» አለ ጅብ።

«አያ ጅቦ፣ አሁን ብትበላው አጥንት ብቻ ነው። ድንጋዩን ያነሳ ዕለት ግን ሥጋ ሆነ ማለት ነው።»

«ቀንዱ እስኪበቅልም እጠብቃለሁ?»

«አህያ ቀንድ የለውም፣ አያ ጅቦ።»

«ታዲያ ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም!»

ሽኮኮዋ ደነገጠች። ለቦራ ልትነግረው ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቱንም ጊዜ አዛጋች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለገች። ቅዳሜ ማለዳ፣ ቦራ ማንሳት እንዳይችል፣ አንድ ድንጋይ ጎትታ ግንዱ ላይ ከትልቁ ድንጋይ ኋላ ሸሸገች።

ክረምቱ ገባ፤ የቦራም ሰውነት እንደ ቅል ሐረግ ተለቀቀ። እሱ በጨመረ ቁጥር እሷም ድንጋይ ትጨምራለች። ስትጎትት ከርማ የእሷም ክንድ ፈረጠመ። ግንዱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«እኔን አክለሃል፤ ውስጥህ ግን ባዶ ቅል ነው!» አለው ዳማ። ቦራም ሃምሳውን ቁጭ ብድግ መቶ አደረገው። ሽኮኮዋም እያየችው፣ ሲብስባት ዓይኗን ትጨፍን ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጅብ ትዕግስት አለቀ። «ይህ ድንጋይ ውሸታም ነው!» ብሎ ድንጋዩን ሁሉ ወደ ገደሉ ገፈተረውና በቦታው ተቀመጠ። «እኔ ራሴ ድንጋይ እሆናለሁ። ካነሳኝ ወፍሯል ማለት ነው!»

ቀበሮ ቦራን ጠራችው። «ና የኔ ጌታ፣ ዛሬ አያ ጅቦ ይመዝንህ።»

«ጅብ?»

«ሥጋ ከተወ ቆየ። ጾመኛ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቦራ እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። ያን ቀን ግን ከመመዘን በቀር ምንም አልታየውም። ወደ ግንዱ ተጠጋ። የጅቡ ለሃጭ በግንዱ ላይ ይወርዳል። ያኔ ከስንጥቁ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ወጣ፦

«ቦራ! ያወፈሩህ ሊበሉህ ነው! ግንዱ ላይ ዝለልበት!»

ቦራ በአራት እግሩ ዘለለበት። ጅብ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተስፈነጠረ። «አነሳኝ! ወፍሯል! ወፍሯል!» እያለ በደስታ ሲጮህ ገደሉን ተሻግሮ እሾህ ውስጥ ወደቀ። ቀበሮም ደህና ሁኑ ሳትል ጠፋች። ቦራ አናፋ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ እንደ በሬ ጀምሮ እንደ በሬ አለቀ። መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ።

ሽኮኮዋ ከስንጥቋ ቀስ ብላ ወጣች። «ይቅርታ፤ ድምፄ ቀጭን ነው፣ ንግግርም አላውቅበት» ብላ ጀመረች። «ድንጋይ እየጨመርኩ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ። አንተማ ድንጋዩን ለማንሳት ከደረስህ አራት ቅዳሜ አልፏል።»

«አራት ቅዳሜ! ጉልበቴ እስኪከዳኝ ቁጭ ብድግ ስል ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?»

«እንዳይበሉህ ብዬ ነው» አለች። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች፣ ለማንም ያልተናገረችውን ጨመረች፦ «ደግሞም... ጨው አገር ከሄድክ ከማን ጋር ፀሐይ እሞቃለሁ ብዬ ነው።»

ቦራ በጉልበቱ ተንበረከከላት። «ነይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ። ጨው አገርም ፀሐይ ሞልቷል።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቁመትና ጡንቻ በራሳቸው ቀን እንደሚመጡ፣ ያለ ልክ ቸኩሎ የሚያወፍረንን ግን «ድግሱ ለማን ነው?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።