የአህያዋ ጎጆና የጎረቤቶቿ «በቅርቡ»

አንድ ጊዜ ጎጆዋን ከተዳፋት ሥር የሠራች አህያ ነበረች። የሰኔ ደመና ማንዣበብ ሲጀምር ሐሳብ ገባት። ከጎጆዋ ጀርባ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ካልተቆፈረ ውሃው ቤቷን ይዞት ይሄዳል፤ ውስጡ ደግሞ ከተወለደ ሳምንት ያልሞላው ውርንጭላዋ ተኝቷል። ስለዚህ ጎረቤቶቿን ለደቦ ልትጠራ ወጣች። ያን ዘመን በአንበሳ አዋጅ ጎረቤት ጎረቤቱን አይበላም ነበር፤ አለዚያማ አህያ ጅብ ደጅ ምን ልትሠራ ትሄዳለች!

«አያ ጅቦ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቦይ ቆፍርልኝ» አለች።

«ንፍሮ አለው?»

«አለው፤ ጠላም ጠምቄያለሁ።»

«እንግዲያው በቅርቡ እመጣለሁ!» አለ ጅብ። በዚያው ቀን መጥቶ ንፍሮውን ጥርግ አድርጎ በላና «ቁፋሮውን ደግሞ በቅርቡ» ብሎ ሄደ።

ቀበሮም «ምን ችግር አለ እመት አህይት፣ በቅርቡ ነዋ!» አላት። ዞር ስትልለት ጅብን አግኝቶ አመሰገነው፦ «ደግ አደረግህ፤ እምቢ ብትል ትጣላለህ፤ እሺ ብትል ትደክማለህ። በቅርቡ በል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።»

እውነትም አህያ ደስ ብሏት ሄደች። ጠበቀች። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት። ምስኪን፣ ሰው አምኖ መጠበቅ ከቁፋሮ በላይ ያደክማል።

በስምንተኛው ቀን ጃርት በደጇ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ቦይሽስ?»

«ጎረቤቶቼ በቅርቡ ብለውኛል።»

«የጅብ በቅርቡ ሲርበው ነው፤ የቀበሮ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የዝናቡስ መቼ ነው?» ጃርት መሬቱን አየ። «እኔ አሁኑኑ፣ ጥላዬ ከእግሬ ሥር ሳይወጣ እጀምራለሁ። አንቺም ተነሺ።»

ሁለቱ ቆፈሩ። ቦዩ ገና ግማሽ ሳይደርስ ዝናቡ ወረደ። አህያ ውርንጭላዋን እየገፋች ዳገቱ ላይ አወጣችው፤ ጎጆዋ ግን ከነምሰሶው ሲሄድ አይታ አለቀሰች።

በማግስቱ ጅብና ቀበሮ ዶማ ይዘው ከች አሉ።

«ይኸው መጣን፤ አልዋሸንሽም!» አለ ጅብ።

አህያ አልተቆጣችም። የሚንቀጠቀጠውን ልጇን አቅፋ እንዲህ አለች፦ «አልዋሻችሁኝም። እምቢ ብትሉኝ ኖሮ ግን በዚያኑ ቀን ብቻዬን እጀምር ነበር።»

ከዚህ የምንማረው ቀን ያልተቆረጠለት ተስፋ ከቁርጥ እምቢታ የበለጠ እንደሚጎዳ ነው።