ላስቲኩ ያልተገፈፈው እስቴካ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ማን ይቀበለኛል? «እኛ!» በሉ እንጂ። ጮክ በሉ! የዛሬው ተረት የንዴት ነው፤ በሹክሹክታ አይነገርም።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ እንደ ሰው በሚያወራበት፣ እንጨትም አፍ አውጥቶ በሚመልስበት፣ ገበያውም ከሜዳ ተነስቶ ስልክ ውስጥ በገባበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር አያ ከርከሮ የሚባል ቁጡ ይኖር ነበር። ቁጡ ነው ስላችሁ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሚስቱን ድንቡሼን ይወዳል፣ ልጆቹን ይወዳል፣ ጉድጓዱንም ይወዳል። ጉድጓዱ በበጋ ይቀዘቅዛል፣ በክረምት ይሞቃል፣ ጎርፍ አይደፍረውም። እንዲህ ያለ ቤት በዚያ አገር ሌላ አልነበረም።

አንድ ቀን አያ ጅቦ መጣና ደጁ ላይ ቆመ።

«ይህ ጉድጓድ የአያቴ ነው፤ ልቀቅ!» አለ።

«የአያትህ?» አለ አያ ከርከሮ፣ ጋማው ቀጥ ብሎ ቆሞ። «አያትህ ቤት ሲቆፍሩ ማን አየ? ሲቆፍሩ የታዩት መቃብር ነው!»

በዚያ አገር ክርክር በጥርስ አይፈታም። ደም እንዳይፈስ ብለው የጥንት አውሬዎች ያወጡት ሕግ አለ። የተጣላ ሁሉ ወደ ዳኛው ወደ አባ ጉማሬ ፑል ቤት ይገባል፣ በአረንጓዴው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጨዋታ ይጫወታል፣ ሁለቱን ያሸነፈ ይረታል። በጀመረበት እስቴካ፣ በኳስ መምቻው ዱላ ይጨርሳል፤ በመሀል ዱላ መለወጥ ነውር ነው። ይግባኝም የለም። አባ ጉማሬም ለሁለቱ ቀን ቆረጠላቸው።

አያ ከርከሮ ኳስ በመምታት አቻ አልነበረውም። የፑል ቤቱ እስቴካዎች ግን ሁሉም ጠማሞች ነበሩ። አንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ የአንዱን ጫፍ አይጥ በልታዋለች።

«ጉድጓዴን በጠማማ እንጨት አላስፈርድም!» ብሎ ስልኩን ከፈተ። ከስልኩ ውስጥ እስስት ብቅ አለች።

«ጌታዬ፣ የጠራቢውን የነብሮን እስቴካ ያውቃሉ?»

«የነብሮን እጅ የማያውቅ ማን አለ? አንዱ እስቴካው በሬ ያወጣል!»

«እኔ ጋ በዶሮ ዋጋ አለልዎት። ኮፒ ነው፤ ግን ከዋናው በምን ይለያል? በምንም! ፎቶውን ይዩት።»

ፎቶው ያምራል። ፎቶ ምን ጊዜ አስቀይሞ ያውቃል! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው፤ አያ ከርከሮ ገዛ። ቁራ እስቴካውን አምጥቶ ደጅ ላይ ወረወረለትና በረረ።

እስቴካው ከጫፍ እስከ ጫፉ በላስቲክ ተጠቅልሏል። በዚያ አገር ደግሞ የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አይገፈፍም። የወንበሩ ላስቲክ አይገፈፍም፣ የስልኩ ላስቲክ አይገፈፍም፣ እንግዳ ላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ ይወድቃል እንጂ አይገፈፍም። የዕቃ ክብሩ እሱ ነው። አትሳቁ! እናንተም ቤት ገብቼ አይቻለሁ።

ድንቡሼ ግን እንዲህ አለች፦ «አያ ከርከሮ፣ ግፈፈውና እንየው። ጠረጴዛ ላይ አንከባልለው፤ ጠማማ ከሆነ እየዘለለ ይሄዳል። መጋጠሚያውን ነቅነቅ አድርገው። አንድ ኳስ ምታበት።»

«ምን ነካሽ አንቺ! የክብር ዕቃ ነው። ሸንጎ ፊት ሳይቀርብ አሮጌ ይሁንልሽ?»

«አሮጌ ይሁን! የምንወራረደው በቤታችን ነው እኮ!»

«ዝም በይ!» አላት።

ልቡን ግን ዝም ማሰኘት አልቻለም። ስለዚህ እስቴካውን ከነላስቲኩ ተሸክሞ ምክር ፍለጋ ወጣ።

መጀመሪያ ሰጎንን አገኘ። «እመት ሰጎን፣ እስቴካዬ እንዴት ነው?»

ሰጎን አንገቷን ዘርግታ በላስቲኩ ላይ ፊቷን አየች። «እንዴት ያበራል! እንዲህ የሚያበራ ነገር መጥፎ አይሆንም» አለች።

ከላስቲኩ ውስጥ አንድ የታፈነ ድምፅ «እምም! እምም!» አለ። ማንም ልብ አላለው።

ቀጥሎ ዝንጀሮን አገኘ። «አያ ዝንጀሮ፣ እስቴካዬ እንዴት ነው?»

ዝንጀሮ እጀታውን አገላብጦ አየ። «ነብሮ ይላል፤ ያውም በወርቅ ቀለም! የነብርም ሥዕል አለው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» አለ። በሥዕሉ ላይ ያለው ነብር እንደ ሜዳ አህያ ሽንትርትር ነበር። ዝንጀሮ አላየውም፤ አያ ከርከሮም ማየት አልፈለገም።

«እምም! እምም!» አለ እስቴካው።

በመጨረሻ ጥንቸልን አገኘ። «እመት ጥንቸል፣ እስቴካዬ እንዴት ነው?»

ጥንቸል እስቴካውን ዞር ብላም አላየችው። ስልኳን አውጥታ ታነብ ጀመር። «አረንጓዴው ደንበኛ አምስት ኮከብ ሰጥቷል። ቡናማው አምስት ኮከብ ሰጥቷል። ቢጫውም አምስት ሰጥቷል። ይህ ሁሉ ደንበኛ ይሳሳታል?» አለች። አረንጓዴው፣ ቡናማውና ቢጫው አንዲት እስስት ናቸው! ቀለሟን እየለዋወጠች ራሷን ስታመሰግን ነው! ጥንቸል ይህን ብታስብ ምን ነበረበት? ጆሮዋ እንጂ ጭንቅላቷ አልረዘመም።

«እምም! እምም!» አለ እስቴካው አሁንም።

«ሰማሽ? ደስ ብሎት እኮ ነው» አለ አያ ከርከሮ፤ ልቡ ረግቶለት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ቀኑ ደረሰ። ሸንጎው ፑል ቤቱን ሞላው። ድንቡሼ ልጆቿን ከጎኗ አድርጋ በር ላይ ቆመች። አያ ጅቦ ከግድግዳው ላይ አንድ ጠማማ እስቴካ አንስቶ መጣ። አያ ከርከሮ የራሱን ከፍ አድርጎ አሳየና ላስቲኩን በአደባባይ ገፈፈው። እልልታው ቀለጠ።

እልልታው ግን ቶሎ ቆመ። የወርቁ ጽሕፈት ከነነብሩ ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እጁ ላይ የቀረው ገርጣ ያለ እንጨት ነው።

«እፎይ! ታፍኜ ልሞት ነበር» አለ እስቴካው። «ስማኝ አያ ከርከሮ፣ እኔ የነብሮ ሥራ አይደለሁም። የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተቦክቶ ነው የተሠራሁት። ቀስ አድርገህ ምታብኝ።»

«ዝም በል! አታዋርደኝ!» አለ አያ ከርከሮ በጥርሱ መሀል፤ መላ ገላው በንዴት ጋለ።

አንደኛውን ጨዋታ በኃይል ጀመረ። ገና ነጯን ኳስ ሲመታት እስቴካው ጫፍ ላይ የተለጠፈችው ቆዳ ተፈናጥራ ሄደች። ነጯ ኳስ ተንሸራታ ቀዳዳ ገባች። ዳግመኛ ቢመታም ያው ሆነ። አያ ጅቦ አሸነፈ።

አባ ጉማሬ ቆዳዋን በሙጫ መልሶ ለጠፈለት። በሁለተኛው ጨዋታ መጋጠሚያው ይንቀጫቀጭ ጀመር። «ቀስ በል፣ እጅህን አለስልስ፣ አጠር አጠር ያለውን ምታ» አለው እስቴካው። አያ ከርከሮ ንዴቱን ዋጥ አድርጎ እንደተባለው መታ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። የእጁ ጥበብ የዱላውን ጉድለት ሸፈነለትና አሸነፈ። ድንቡሼ እዚያው በሩ ላይ በደስታ አለቀሰች።

ሦስተኛው ጨዋታ መጣ። ሁሉም ኳስ ገብቶ ጥቁሯ ብቻ ቀረች፤ ሩቅ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ጥግ። ተራው የአያ ከርከሮ ነው።

«ይህንን አልችለውም» አለ እስቴካው። «እሰበራለሁ። ነጯን ቀስ ብለህ አስጠግተህ አቁማት፤ የሚቀጥለው ተራ ይደርስሃል።»

አያ ከርከሮ ቀና ሲል ሰጎን ትስቃለች። ዝንጀሮ ይስቃል። ያበራል ያለችው እሷ፣ ማስረጃ ያለው እሱ! ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «ይሰበር!» ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ መታ።

ቀጭ! እስቴካው ከመጋጠሚያው ለሁለት ተሰበረ። ነጯ ኳስ ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች። አያ ጅቦ በዚያ ጠማማ ዱላ አነጣጠረና ጥቁሯን ሸኛት። ጉድጓዱም አብሯት ሄደ።

«በጠማማ ዱላ እንዴት ቀጥ ብሎ ይመታል?» ብሎ ጮኸ አያ ከርከሮ።

አያ ጅቦ ሳቀ። «እኔም እኮ ያንተን ዓይነት ከእስስት ገዝቼ ነበር። ቁራ ሲያመጣው ርቦኝ ስለነበር ከነላስቲኩ ነከስኩት። እኔ ዕቃ የማየው በጥርሴ ነው። ሙጫ ሙጫ ሲለኝ ተፋሁትና ይህን ጠማማ አነሳሁ። ወደ ግራ እንደሚስት እስካውቅ ድረስ ስጫወትበት ሰነበትኩ። ጠማማነቱን ካወቅከው ጠማማም ይመታል።»

ከሆዳምነት ጥበብ ሲወለድ አይታችኋል? ያ ነው አያ ከርከሮን ያንገበገበው። ወደ መካሪዎቹ ዞረ። «ደግ ነው አላላችሁኝም?»

«እኛ ያየነው ላስቲኩን ነው፤ ላስቲኩ ደግሞ ደግ ነበር» አሉ ሦስቱም።

ስልኩን ከፍቶ እስስትን ጠራት። «ዕቃሽን ውሰጂ!»

«ላስቲኩ ከተገፈፈ ዕቃ አይመለስም» አለች።

«ላስቲኩ ሳይገፈፍ መጥፎነቱ እንዴት ይታወቃል?»

«እሱማ አይታወቅም» አለችና ቀለሟን ቀይራ ጠፋች። እስኪ ፍረዱ! ይህ ያናድዳል ወይስ አያናድድም? እኔን ያንጨረጭረኛል!

አያ ከርከሮ የተሰበረውን ሊረግጠው እግሩን አነሳ። «እኔ ምን በደልኩህ?» አለ እስቴካው ከወደቀበት። «ነብሮ ነኝ ብዬሃለሁ? የመጥረጊያ እጀታ ቢያደርጉኝ ቤት እየጠረግሁ በክብር እኖር ነበር። የሰው ስም የለጠፈችብኝ እሷ፣ ስሙን ያመንከው አንተ። አገሩን ሁሉ ስለ እኔ ጠየቅህ፤ እኔን አልጠየቅኸኝም።»

እግሩ አየር ላይ ቀረ። የሚረገጥ ሌላ እንዳለ አወቀ፤ እሱም ራሱ ነው።

በዚያው ቀን ልጆቹን ይዞ ወጣ። አያ ጅቦ በደጁ ገባ። አያ ከርከሮና ድንቡሼ ብዙ ተንከራትተው ሌላ አውሬ ጥሎት የሄደ ጉድጓድ አገኙ። ሰጎን፣ ዝንጀሮና ጥንቸልም ለማጽናናት መጡ።

«ደጁ እንዴት ያምራል! ደግ ቤት ነው!» አሉ።

አያ ከርከሮ ብቻውን ገብቶ ግድግዳውን በአፍንጫው ገፋ፣ ወለሉን ቆፈረ፣ ጣሪያውን በጀርባው ነቀነቀ። ወጥቶም ድንቡሼን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። እሷም ገብታ አየችና «ዝናብ ያስገባል፤ ግን እናውቀዋለን» አለች። ከዚያ ፊቱን ወደ መካሪዎቹ፣ ክራንቻውን ወደ መካሪዎቹ እንዳደረገ፣ ዓይኑን ሳይነቅልባቸው በኋላው ገባ።

ከርከሮ እስከ ዛሬ ቤቱ የሚገባው በኋላው ነው። ያላመናችሁ እንደሆነ ደጁ ሄዳችሁ «ደግ ቤት ነው» በሉት፤ ክራንቻው ይመልስላችኋል።

ተረቴ አለቀ፤ ንዴቴ አላለቀም። አባቶች ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ፤ እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ላስቲኩን ያልገፈፈ፣ ራሱ ተገፈፈ።