አይናዲስ ስም የጠራች ቀን

ተማሪዎች ዛሬ እንደ ዋዛ የሚወራወሩት አንድ አባባል አለ። ብዙው ሰው ከጥንት የመጣ ይመስለዋል፤ መነሻው ግን አይናዲስ የምትባል የታሪክ ተማሪ ናት።

አይናዲስ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው የትውልድ ከተማዋ ገበያ ከሐሙስ ወደ ቅዳሜ እንዴት እንደተዛወረ ነው። ሽማግሌ ስትጠይቅ፣ መጽሐፍ ስታገላብጥ ከርማ ረቂቁን በኩራት ለአማካሪዋ ለዶክተር ስመኝ ሰጠች። ሲመለስላት ዳር ዳሩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል፦ «ይህን ያለው ማን ነው?»

ከፋት። «በየገጹ የሰው ስም ከደረደርኩ የእኔ ድካም የቱ ላይ ሊታይ ነው?» አለች።

«የሰው ቃል ወስዶ ዝም ማለት ስርቆት ነው፤ ከትምህርትም ያስባርራል» አሉ ዶክተር ስመኝ። «ደግሞ ነገ የሚሞግትሽ ቢመጣ ብቻሽን ትቆሚያለሽ። ስማቸውን ከጠራሽ አብረውሽ ይቆማሉ።»

ነገሩ ሲከነክናት ሰነበተ። ከዚያ ወደ ከተማዋ ተመልሳ የነገሯትን ሰዎች ስማችሁን ልጥቀስ ወይ እያለች ዞረች። ከመጽሐፍ ቃል በቃል የወሰደችውን በትምህርተ ጥቅስ አጠረችው፤ በራሷ አነጋገር ላስቀመጠችውም ደራሲውንና ገጹን ጻፈች። ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን አንድ አንቀጽ ግን ከየት እንዳገኘችው ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። እጇ እየከበዳት ሰረዘችው።

ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። ፈታኙ ፕሮፌሰር ይርዳው ስለዚያችው ከተማ መጽሐፍ የጻፉ፣ ተማሪ ሁሉ የሚፈራቸው ሰው ናቸው።

«እኔ ገበያውን ያዛወረው አገረ ገዥው ነው ብያለሁ» አሉ። «አንቺ ሴት ነጋዴዎች ናቸው ትያለሽ። ከየት አመጣሽው?»

አይናዲስ ጥናቷን ገለጠች። «ያኔ ጨው ይነግዱ ከነበሩት ከወይዘሮ ጥሩወርቅ አንለይ ነው። የጎረቤት ከተማ ገበያም ሐሙስ ሆነና ሸማች ቢያጡ፣ ሴቶቹ ተመካክረው ቅዳሜ ወጡ። አገረ ገዥው ያወጀው ከዚያ በኋላ ነው። የእርስዎም መጽሐፍ በግርጌ ማስታወሻው አዋጁ ሲነገር የቅዳሜው ገበያ ሞልቶ እንደነበር ይገልጻል። ገጹን ጠቅሻለሁ።»

ፕሮፌሰሩ መጽሐፋቸውን ገልጠው አነበቡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ፈክቷል።

«የራሴን ጽሑፍ አስታወስሽኝ። መጽሐፌ ዳግም ሲታተም ይህ ይታረማል፤ ያረመችኝም አይናዲስ ናት ብዬ እጽፋለሁ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አይናዲስ እንባዋ እየቀደማት ሳቀች። ተጋብዘው የመጡት እማማ ጥሩወርቅ ስማቸው በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት ሲጠራ ሰምተው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የነበረ አንድ ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ሁሉንም እገሌ ነገረኝ፣ እገሌ ጻፈው እያለች እንዴት ረታች?» አላቸው።

እማማ ጥሩወርቅም ዓይናቸውን ከአይናዲስ ሳይነቅሉ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ምንጩን ያሳየ በውሃው አይታማም።»