የመናፈሻው በር እና የኮሚቴው አበል

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ውኃ የሚጠጡበት ኩሬ ያለው አንድ መናፈሻ ነበራቸው፤ ጠባቂዋ እመት አህያ ነበረች። የሚገባ ሁሉ በሩ ላይ አንድ እፍኝ ገብስ ይከፍላል። አንድ ክረምት ጎርፍ የኩሬውን ግድብ ናደው። ለቆፋሪዎቹ ከርከሮዎች የሚከፈል ስለጠፋ፣ አህያ ከጉንዳኖች ሠላሳ ጆንያ ገብስ ልትበደር ሄደች።

«መያዣው ምንድን ነው?» አለች የጉንዳኖቹ አለቃ።

«የበሩ ገብስ። የሥራ ወጪው ተነሥቶለት የሚተርፈው ሁሉ የእናንተ ነው።»

«ካልተረፈስ?»

«እስከ በጋው መጨረሻ ካልከፈልን በሩን ትረከባላችሁ» አለች አህያ። ቃሏን ስትሰጥ ቅንጣት አልሠጋችም።

ግድቡ ተሠራ፤ ኩሬው ሞላ፤ ጎብኚውም በዛ። ጆንያው ግን አልሞላ አለ። ሰኞ የመናፈሻው ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ አንበሶ ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ።

«እነዚህ የእኔ ናቸው፤ ይለፉ።»

«አርባ ሦስት ናቸው እኮ፣ ጌታዬ!»

«ታዲያ የአንበሳ ዘመድ በር ላይ ይቆጠራል እንዴ?»

ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጸሐፊዋ ቀበሮ ለእያንዳንዱ ተሰብሳቢ አንድ ቁና ገብስ አበል ቆረጠችና «የሥራ ወጪ» ብላ መዘገበችው።

«ስብሰባ ሥራ አይደለም እንዴ፣ እመት አህያ?» አለች ፈገግ ብላ።

የኮሚቴው አባል አያ ጅቦ ገብስ አይወድም፤ ቢሆንም ድርሻውን እዚያው ቃመው። ሐሙስም ተሰበሰቡ፣ ቅዳሜም።

አህያ ስብሰባው መሃል ገባች። «ኧረ በፈጠራችሁ! ጆንያው ባዶ ነው፣ በጋው እያለቀ ነው፤ በሩን ልንነጠቅ ነው!»

ጅብ አፉን ጠራረገ። «ይሄማ ከባድ ጉዳይ ነው» አለ። «ነገ ጠዋት እንሰብሰብበት።»



በጋው ሲያልቅ ጉንዳኖቹ መጥተው በሩን ተረከቡ። ክፍያው ሁለት እፍኝ ሆነ፤ በነፃ መግባትም ቀረ። አህያ ራሷ ባሠራችው ኩሬ ለመጠጣት ገብሷን ይዛ ተሰለፈች። ወዲያው አንበሳ ጉሮሮው በጥም ደርቆ ከተፍ አለ።

«እመት አህያ፣ ማን እንደሆንኩ ንገሪያቸው እንጂ!»

«ነግሬያቸው ነበር፣ ጌታዬ» አለች ዞር ሳትል። «‹እናውቀዋለን፤ ይህን በር ያስገኘልን እሱ አይደል?› አሉኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ ገቢን ለዕዳ መያዣ ሰጥተው ሲያበቁ ዘመድ በነፃ የሚያሳልፉና ለራሳቸው አበል የሚቆርጡ ሹማምንት፣ ሕዝቡን ባሳጡት በር ላይ እነርሱም አንድ ቀን ደጅ እንደሚጠኑ ነው።