ቃል የጋረደ ባሕር ዛፍ

ተረቴ የአንዲት ቃል ናት፤ ጆሮ ያለው ይስጣት።

በአንድ ቆላ ቀበሌ ትርንጎ የምትባል አዋላጅ ነበረች። አንድ ረፋድ፣ ጤና ኬላው ውስጥ ስታምጥ ሁለት ቀን የሞላት ሴት ደም ይፈሳት ጀመር። ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሆስፒታሉ «አምቡላንስ ላኩ» ማለት። እናትየዋን አብራት ለመጣችው አማቷ አደራ ብላ ስልኩን አነሣች።

«ስልክ፣ ተናገርልኝ፤ እናትየዋ ትትረፍ።»

«ታወሩ ካልሰማኝ አልናገርም» አለ ስልኩ።

ወደ ታወሩ ሮጠች። «ታወር፣ ስልኩን ስማው፤ ስልኩ ይናገር፤ እናትየዋ ትትረፍ።»

«ብሰማስ ለማን ላቀብል? ዲሹ አይቀበለኝም» አለ ታወሩ።

አናቱ ላይ ወዳለው ዲሽ ቀና አለች። «ዲሽ፣ ታወሩን ተቀበለው፤ ታወሩ ስልኩን ይስማ፤ ስልኩ ይናገር፤ እናትየዋ ትትረፍ።»

«እኅቴ፣ ሌላዋ ዲሽ፣ ያለችው ማዶ ተራራው ላይ ነው፤ ካልተያየን አንነጋገርም። ባሕር ዛፉ ጋረደኝ» አለ ዲሹ።

ከታወሩ ሥር ባለሙያው ደምስ ተቀምጧል፤ ጠዋትና ቀትር የሞገዱን ጉልበት እየለካ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። ደብተሩን ገልጦ አፈረ። «እውነቱን ነው፣ እኅቴ። ነፋስ ከሌለ ቁጥሩ ደኅና ነው፤ ቅጠል ሲወዛወዝ ይወድቃል። እኔ ሞኙ ቀና ብዬ ሳላይ ሦስት ጊዜ ገመድ ቀየርኩ።»

ትርንጎ ወደ ዛፉ ወረደች። «ባሕር ዛፍ፣ ውደቅ፤ ዲሹ እኅቱን ይመልከት፤ ታወሩን ይቀበል፤ ታወሩ ስልኩን ይስማ፤ ስልኩ ይናገር፤ እናትየዋ ትትረፍ።»

«መጥረቢያ ካልጣለኝ አልወድቅም» አለ ዛፉ። መጥረቢያው ደግሞ «ዛፉን እንዳልነካ አያ ጣሰው ገዝተውኛል» አለ።

አያ ጣሰው የዛፉ ባለቤት ናቸው። ትርንጎ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «አባቴ፣ መጥረቢያውን ይፍቱት፤ መጥረቢያው ዛፉን ይጣል፤ ዲሹ እኅቱን ይመልከት፤ ታወሩን ይቀበል፤ ታወሩ ስልኩን ይስማ፤ ስልኩ ይናገር፤ እናትየዋ ትትረፍ።»

«ልጄ፣ ይህን የተከልኩት ሚስቴ በምጥ የሞተች ቀን ነው። ቃሬዛ ላይ እንዳለች መንገድ ቀረች። ብረት አይነካውም ብያለሁ።»

«ያኔ ባለቤትዎ አምቡላንስ የሚጠራላቸው አጡ፣ አባቴ። ዛሬ ጥሪውን የከለለው የእሳቸው ዛፍ ነው። ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር?»

ሽማግሌው አለቀሱ። ከዚያም መጥረቢያውን ራሳቸው አነሡ።

መጥረቢያው ዛፉን ጣለ፤ ዲሹ እኅቱን ተመለከተ፤ ታወሩን ተቀበለ፤ ታወሩ ስልኩን ሰማ፤ ስልኩ ተናገረ፤ አምቡላንሱ አቧራውን እያቦነነ መጣ፤ እናትየዋም ተረፈች።

ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ተደወለ። ትርንጎ ጉቶው ላይ ለተቀመጡት አያ ጣሰው ስልኩን ሰጠቻቸው። የሕፃን ልቅሶ ሰሙ፤ እስኪያበቃ ድረስም ከጆሯቸው አላነሡትም።

ተረቴን ስትመልሱልኝ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሉልኝ።